ኮሪደር የወጣ አልተቃወመም

ማኅበራችንን ለዚህ ያበቃው ሌባ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ባንክ ሁለት በመቶ እንኳ በማይከፍልበት ጊዜ፣ ለአባሎቻችን የጡረታ ቁጠባ እስከ ዕለተ ሞታቸው አምስት በመቶ ወለድ ልንከፍል ቃል ገባን። ሒሳቡ እንደማያዋጣ ቦርዱ ያውቅ ነበር። ጠያቂዎቹ ግን የራሳችን ሰዎች ነበሩ፤ እንቢ የሚላቸው ጠፋ።

ማኅበሩ ቅድስት ባርባራ ይባላል። ከስሎቫኪያ ወደ ፔንስልቬንያ የከሰል ጉድጓዶች የመጡ ቅድመ አያቶቻችን ናቸው ያቋቋሙት፤ የሞተ ወንድም ቀባሪ እንዳያጣ፣ ሚስቱም የሰው እጅ እንዳታይ ብለው። ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ቆይተዋል። ማኅበሩ ግን የኢንሹራንስ ድርጅት ሆኖ፣ ቅርንጫፎቹ በየደብሩ፣ ቦርዱ ደግሞ ከመካነ መቃብሩ ማዶ ባለው የጡብ ቤት፣ እስከ ዛሬ አለ። የቦርድ አባል የነበረው አባቴ ሲሞት ወንበሩ ላይ እኔን አስቀመጡኝ። ፒትስበርግ ፋይናንስ መማሬን ያነሳ አልነበረም፤ የባብያክ ልጅ መሆኔ በቅቷቸዋል።

ቦርዱ አንድ ልማድ አለው። ያልተስማማ ሰው "አልስማማም" አይልም፤ ሲጋራ ላጭስ ብሎ ኮሪደር ይወጣል። አጫሽ ያልሆኑትም ይወጣሉ። ድምፅ ተሰጥቶ ሲያበቃ ተጠርተው ይመለሳሉ፤ ቃለ ጉባኤው ላይም "የተገኙት ሁሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ" ተብሎ ይጻፋል። አምስት በመቶው ሲጸድቅ አባቴ ኮሪደር ነበር። እናቴ ይህንን እንደ ጀግንነት ነው የምታወራው።

በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። የግዛቱ የኢንሹራንስ ቢሮ መጠባበቂያ ገንዘባችን ሕጉ ከሚጠይቀው በታች መውረዱን ገልጾ፣ እስከ ፋሲካ መፍትሔ እንድናመጣ አስጠንቅቆናል። መንገዱ ሁለት ነበር። አንደኛው ኦሃዮ ካለ ትልቅ የካቶሊክ ማኅበር ጋር መዋሃድ ነው፤ የማንም አባል ውል አይነካም፣ ስማችንና ይህ ቦርድ ግን ይጠፋሉ። ሁለተኛው በደንባችን ውስጥ ያለ አሮጌ አንቀጽ ነው፤ ቦርዱ በእያንዳንዱ አባል ላይ ጉድለቱን የሚሸፍን ማሟያ ክፍያ መጣል ይችላል። መክፈል ያቃተው ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከሚያገኘው ላይ ይቆረጣል። አንቀጹ የሚሠራው ግን ቦርዱ በአንድ ድምፅ ከወሰነ ብቻ ነው። አንድ ተቃዋሚ ካለ ጉዳዩ ወደ ቅርንጫፎች ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል፤ አባላቱ ራሳቸው ይመርጣሉ።

ስለዚህ ከሰባታችን የአንዳችን "አይሆንም" ይበቃ ነበር። ግን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መባል ነበረበት።

ሊቀ መንበሩ ሚላን ሁዳክ የክርስትና አባቴ ናቸው። ማሟያው ይጣል ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስለ ማኅበሩ ሰንደቅ፣ በመቃብር ድንጋዮች ላይ ስለተቀረጸው ስማችን፣ የኦሃዮ ሰዎች ይህን ቤት አፍርሰው ፎቅ መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት ስለመቻላቸው። ማሟያው በወር ከአንድ ሳህን የጾም ዓሣ አይበልጥም አሉ። ለስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቅሁ። እንደ ሁኔታው ነው አሉኝ። ጡረታቸው ለማሞቂያ እንኳ ለማይበቃ አሮጊቶች አንድ ሳህን ዓሣ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ገንዘብ ያዡ ሬይ ፔትሪክ ጣልቃ ገባ። ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የላኩትን ፒሮሂ፣ ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ፣ ወደ እኔ እየገፋ፣

"ብዪ እንጂ" አለ። "ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እኮ ካሎሪ ሲደምር ምግቡ ይቀዘቅዝበታል።"

ሌሎቹ ሦስት የቦርድ አባላት ሳቁ። እነዚህ ሦስቱ ፔትሪክ ሲስቅ ይስቃሉ፣ ሁዳክ እጃቸውን ሲያወጡ ያወጣሉ።

"እህት ባብያክ" አሉ ሁዳክ፣ "ፊትሽ ገርጥቷል። ትንሽ ንፋስ ብትቀበዪስ?"

"ደህና ነኝ፣ ወንድም ሊቀ መንበር።"

"ማንም አይቀየምሽም። አባትሽም ስንቴ ወጥቷል።"

"አውቃለሁ። እኔ የምቀመጠው ለዚያ ነው።"

ሁዳክ ወደ ቄሳችን ዞሩ። አባ ኤሚል በቦርዱ ውስጥ መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት አይችሉም። ስለ አንድነት አንድ ቃል እንዲሉን ተጠየቁ። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ሳያስፈልግ ደግመው ጠረጉ።

"ድምፅ የለኝም" አሉ። "ያለኝ ቃል ደግሞ ዛሬ አይጠቅምህም፣ ሚላን።"

በዚህ መሐል ሉድሚላ ሳቦል ከወንበራቸው ተነሡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የመበለቶቹ ቅርንጫፍ ሰብሳቢ ናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።

"ሉድሚላም በዚህ ዕድሜዋ ማጨስ ጀመረች" አለ ፔትሪክ።

"ጉሮሮዬ ደርቋል" አሉ እሳቸው ወደ ማንም ሳያዩ።

ዝም ልላቸው ይገባ ነበር። ዕድሜያቸው ይከበራል። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት ስንከባበር የት እንደደረስን አይቻለሁ።

"አክስቴ" አልኳቸው፣ "እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ክፍያ የሚሰበስቡት እርስዎ ነዎት። ማሟያውን ለመበለቶቹ ማን ሊነግርልዎት ነው?"

የበሩን እጀታ እንደያዙ ቆሙ።

"ዳንካ፣ ተይ!" አሉ ሁዳክ። በቦርድ ስብሰባ ላይ በቤት ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስትጠመቂ የያዝኩሽ እኔ ነኝ። ሰይጣንን ትክጃለሽ ወይ ሲባል ስላንቺ የመለስኩት እኔ ነኝ።"

"አመሰግናለሁ። አሁን አፍ ፈትቻለሁ፤ በራሴ ልመልስ።"

ከዚያ ወዲያ ልመና አልነበረም። ሁዳክ ድምፃችንን እንድንሰጥ በየስማችን ይጠሩን ጀመር። ፔትሪክ "እስማማለሁ" አለ። ሦስቱም በየተራ ተስማሙ።

"እህት ባብያክ።"

"አይሆንም። አይሆንም ማለቴም ይጻፍ።"

ከሦስቱ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው እስክሪብቶውን አንሥቶ ሁዳክን አየ። ሁዳክ የጠረጴዛውን ጠርዝ አዩ። በዚህ ክፍል ውስጥ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ያለ አይመስልም ነበር።

"ጻፍ እንጂ" አሉ አባ ኤሚል።

ጻፈ።

"እህት ሳቦል ወጥታለች" አለ ፔትሪክ ቶሎ ብሎ።

"የት ወጣሁ? እዚህ በሩ ላይ ቆሜ አታየኝም እንዴ?" ሉድሚላ ከዘራቸውን እያንኳኩ ተመለሱና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። "ስሜን ጥራ፣ ሚላን።"

"ሉድሚላ፣ ነገሩ እኮ አልቋል። አንድ ድምፅ ይበቃል።"

"ጥራ አልኩህ።"

ጠሩ።

"አይሆንም" አሉ ሉድሚላ። ከዚያ ከፒሮሂው አንዱን አንሥተው መብላት ጀመሩ።

የቀረው የጠቅላላ ጉባኤውን ቀን መቁረጥ ነበር። ቀኑንም በድምፅ ነው የምንቆርጠው። ሁሉም ሊቀ መንበሩን ጠበቁ። ሁዳክ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ወረቀታቸውን አስተካክለው ከአባ ኤሚል ፊት አስቀመጡ። ካፖርታቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። በአጠገቤ ሲያልፉ የሚናገሩ መስሎኝ ቀና አልኩ።

"ትንሽ ንፋስ ልቀበል" አሉ ለሁላችንም።

ኮሪደር ወጡ፤ በሩንም ቀስ ብለው ከኋላቸው ዘጉት።