ያልደረቀው ጀሶ

«አስቀምጪው! መጥረጊያውን አስቀምጪ ነው የምልሽ!»

የአባቷ እህት ዶሚቲላ ከወንበሯ ሳትነሳ ጮኸች። ኦቲሊያ መጥረጊያ መያዟን ያወቀችው ያኔ ነው። የፓታጎኒያ ነፋስና የለቀስተኛው ጫማ ያስገባው ቀይ አቧራ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ተበትኗል። የዘጠኙ ቀን ጸሎት እስኪያልቅ ግን ለቅሶ ቤት አይጠረግም። የሟች ነፍስ ገና ቤቱን ስለምትዞር ከአቧራው ጋር ተጠርጋ ትወጣለች ይላሉ።

«ረስቼው ነው አክስቴ።»

«ይሄ ይረሳል? አልቅሺ ሲሉሽ አታለቅሺ፣ ብዪ ሲሉሽ አትበዪ፣ መጥረጊያ ግን ከየትም ፈልገሽ ታገኛለሽ!»

ጎረቤቶቹ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ማቴ የሚሉት ትኩስ የቅጠል ሻይ የተሞላው ቅል ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በጮማ የተጠበሰው ቂጣ እያለቀ ነው። ኦቲሊያ ተራዋ ሲደርስ በቀጭኑ ቧንቧ ሳበች። መፋጀቱን እንጂ ጣዕሙን አላወቀችውም። አባቷ ዶን ባውዲሊዮ ከተቀበረ ወዲህ የምትነካው ሁሉ በወፍራም ጓንት ውስጥ ሆና እንደምትዳስሰው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፋኩንዶ መጣ። የመንደሩ ሙዚየም ኃላፊ ነው፤ ባውዲሊዮ ዕድሜውን ሙሉ የዳይኖሰር አጥንት ከድንጋይ ሲያላቅቅ የኖረው ለዚህ ሙዚየም ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጽናሽ» አላትና ጥቂት ተቀመጠ። ከዚያ ከማድ ቤቱ ጀርባ ወዳለው የሟቹ መሥሪያ ክፍል ገባ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ኦቲሊያ፣ ጀሶው አልደረቀም።»

ምን እንደሚል ገባት። አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ አጥንት ከሚቆፍርበት ገደል ያመጣው ጥቅል ነው፤ ድንጋዩን ከነአጥንቱ በጆንያና በጀሶ ሸፍኖ። ሲሸፍነው ዝናብ ይወርድበት ነበር። እሱም በስብሶ ገብቶ፣ የሳንባ ምች ይዞት በዚያው ቀረ። ጥቅሉን ማንም አልነካውም።

«ሻግቷል» አለ ፋኩንዶ። «ውሃው ውስጡ ቀርቷል፤ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ጨው አጥንቱን እየሰነጣጠቀው ነው። ጸሎቱ እስኪያልቅ ከጠበቅን የምናገኘው ዱቄት ነው።»

«አንተ በመጋዝ ክፈተዋ።»

«በዚህ እጄ?» ወፍራም ጣቶቹን ዘረጋላት። «እኔ የለመድኩት በር የሚያህለውን አጥንት ነው። ይሄ የክብሪት እንጨት ነው። ከሱና ካንቺ ሌላ ማን ነክቶት ያውቃል?»

ዶሚቲላ ሰምታ ኖሯል። «በለቅሶ ቤት መጋዝ? አፍህን ያዝ፣ አንተ ልጅ!»

የመንደሩ ሰው የሚኮራው በግዙፎቹ ነው። ነዳጅ ማደያው በር ላይ የሲሚንቶ አንገቱን ያሰገገ ዳይኖሰር ቆሟል፤ እንግዳው ሁሉ ከሥሩ ፎቶ ይነሳል። ባውዲሊዮ ግን የሚፈልገው ትንንሾቹን ነበር፤ ትልቅ ዝይ የሚያህሉትን፣ እግራቸው ላይ ማጭድ የመሰለ ጥፍር ያላቸውን ሥጋ በሎች። ሲቀልዱበት «ትልቁንማ ማንም ያገኘዋል፣ ተደናቅፎ ይወድቅበታል» ይላቸዋል።

እናቷ ስትሞት ኦቲሊያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የዚያን ጊዜም ጸሎቱ ሳይጋመስ በምዕራብ በኩል ደመና ጠቆረ። ባውዲሊዮ ከጸሎተኞቹ መሃል ብድግ አለና ጀሶና ጆንያ በፈረስ ጭኖ ሄደ። ገደሉ ላይ ግማሹ የወጣ አንድ ትንሽ እግር ነበረው፤ ጎርፍ ሊወስድበት ነው። ሲመሽ ፀጉሩ ላይ ጀሶ ደርቆበት ገባ፣ ከተነሳበት ወንበር ተቀመጠና ጸሎቱን ቀጠለ። «ሚስቱን ጥሎ ለአጥንት ሄደ» አሉ ሴቶቹ። እሷ ክረምቱን ሙሉ አላናገረችውም። ይቅርታም አልጠየቃትም። በጸደይ ግን ከጎኑ ወንበር አኖረላት፣ ቀጭን መርፌ በእጇ አስያዛት፣ ያንን እግር አብረው ከድንጋዩ አወጡት። ከዚያ በኋላ ስንት እግር አወጡ! ስለዚያ ቀን ግን አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

አሁን መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ በእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥቅሉን ታያለች።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ያደረገውን አድርጊ ነው የምትለኝ» አለችው ፋኩንዶን።

«አውቃለሁ።»

«ጠልቼው ነበር እኮ።»

ፋኩንዶ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። ኦቲሊያ እጇን በእርጥቡ ጀሶ ላይ አሳረፈች። ከዚያ መጋዙን አነሳች።

ዶሚቲላ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። «አንቺም? ደም ነው መቼስ!» ነጩ ብናኝ ወለሉ ላይ ሲወርድ አይታ ሄደች፤ ስትመለስ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛ ነበር። «እዚህ ውስጥ አራግፊው። አንዲት ቅንጣት ከቤት እንዳትወጣ። ወንድሜን ከጀሶ ጋር አልጥልም።»

«እሺ አክስቴ።»

«ደግሞ ስንጸልይ ከዚሁ ሆነሽ ተቀበዪ። ልጁ ሳትቀበል ምን ጸሎት ነው?»

ጀሶው ተከፈተ። የላይኛው አጥንት አልቆለታል፤ ስትነካው እንደ አመድ ሆነ። ፋኩንዶ ፊቱን አዞረ። እሷ ምንም አልተሰማትም፤ መርፌዋን ይዛ ወደ ታች ወረደች። ከሥሩ አንድ ጣት ደህና ነበር፤ ሙጫ እያንጠባጠበች አንጓውን አንድ በአንድ አጠነከረችው። ከወዲያ ሴቶቹ ጀመሩ፤ ዶሚቲላ የድንግልን ስም በየማዕረጉ ትጠራለች፣ ሌሎቹ «ለምኝለት» እያሉ ይቀበላሉ። ኦቲሊያም ከሥራዋ ቀና ሳትል «ለምኝለት» ትላለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላታል።

ከጣቱ ጫፍ ምስር የምታክል ጥቁር ነገር መዳፏ ላይ ወደቀች።

«ጥፍሩ ነው?» አለ ፋኩንዶ በሹክሹክታ።

ብርሃኑ እየደከመ ነው፤ ድንጋይ ትሁን አጥንት በዓይን አትለይም። ድንጋይ ምላስ ላይ ይንሸራተታል፤ አጥንት ግን ስንት ዘመን ተቀብሮም ምላስ ይይዛል። ኦቲሊያ ቅንጣቷን አንስታ ምላሷ ላይ አኖረቻት።

ያዘቻት።

«ለምኝለት» አሉ ሴቶቹ። አንድ ድምፅ ጎደለ።

«ኦቲሊያ! ተቀበዪ እንጂ!»

ኦቲሊያ ቅንጣቷ እንዳትወድቅ ከንፈሯን ገጠመች። ከወዲያ ማንም ባያያትም ወደ በሩ ዞራ እሺ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።