ከደመላሽ የተረፈ መድኃኒት

«ኧረ እሷ ባታስታምመው ኖሮ ይሄን ያህልም አይቆይም ነበር!» አለች ሥራነሽ፣ ከዲማ ለመጡት ለቀስተኞች ንፍሮ እያቀረበች። «ለመድኃኒቱ ያልረገጠችው አገር የለም እኮ።»

የምትወደሰው ሴት፣ የብርጓል፣ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። ዛሬ የባሏ የደመላሽ ሠልስት ነው። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ጎረቤቷ ሥራነሽ ይህንኑ ውዳሴ ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች፤ ሴትዮዋ ክፋት የለባትም፣ ዝም ማለት ብቻ አይሆንላትም። የብርጓል ግን ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር። ቤቷ እንዲህ በሰው ሞልቶ አያውቅም፤ እሷም እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ደመላሽ አናጢ ነበር። ሚስማር በከንፈሩ ይዞ ካላንጎራጎረ ቆርቆሮ አይመታም ብለው ይቀልዱበት ነበር። ዓምና ክረምት ሊገባ ሲል ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ተጎዳ። ሐኪሙ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ ለዐሥር ቀን አዘዘለት፤ ከዚያ እንዳያልፍም አስጠነቀቀ። ዐሥሩ ቀን ሲያልቅ ደመላሽን ያልበው፣ ያንቀጠቅጠው፣ አጥንቱን ይቆረጥመው ጀመር። የብርጓል ሕመሙ ያገረሸበት መሰላት። ክኒኑን ስትሰጠው ወዲያው ሰው ይሆናል፤ ታዲያ እንዴት ትጠርጥር?

የማርቆስ ከተማ መድኃኒት ቤቶች እምቢ ሲሏት አማኑኤል ወደሚባለው ከተማ ሄደች፤ እዚያም ሲያውቁባት ይጁቤ። አዲስ በደረሰችበት ሁሉ ያረጀ ማዘዣ ይዛ ስታለቅስ የሚጨክንባት አልነበረም። አንዱ ፍሬ አራት ሆነ፣ አራቱ ስምንት፤ ስምንትም አልበቃ አለ። ወገቡ ድኖ ነበር፤ መዶሻውን ግን ዳግም አላነሣም። ቅዳሜ ጠዋት ልትቀሰቅሰው ብትነካው ቀዝቅዟል።

«የኔ ልጅ» አሏት አማቷ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት፣ ጠጋ ብለው። «ከልጄ የተረፈውን መድኃኒት ከሣጥኑ አግኝቼ ትናንት አንድ ወሰድሁ። ይኸ ጉልበቴ ዝም አለልኝ። ዛሬ ደግሞ ሁለት ዋጥሁ። ሲያልቅ አንቺው ታመጭልኛለሽ፤ ታውቂበት የለ?»

የብርጓል ደነገጠች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ የደመላሽም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ብትናገር ግን እኚህን ሴት ልታጣቸው ነው፤ ከእሳቸው ሌላ ደግሞ እናት የላትም።

«እማማ፣ እሱን አይውሰዱት።»

«ምነው? ለልጄ የሆነው ለኔ ምን ይለዋል?»

«ልጅዎን የገደለው ወገቡ አይደለም። ይኸ ክኒን ነው። ለምዶት መተው አቃተው። እያመጣሁ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።»

በሹክሹክታ ልትነግራቸው ነበር፤ ድምፅዋ ግን አመለጣት። ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ሥራነሽ የያዘችውን ንፍሮ መሬት አስቀመጠች።

 ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የነጠላቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ፈትተው የቀሩትን ክኒኖች ፍራሹ ላይ አኖሩ። ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። የብርጓል እጇን ዘረጋችላቸው።

አልያዙትም። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና እያነከሱ ሄደው ከዲማ ሴቶች መካከል ተቀመጡ። የብርጓል የዘረጋችውን እጅ አላጠፈችም።