የልምምዱ በሽተኛ

ሰው መቼም ለውሸት እንኳ መታመም ይፈራል። ሲስተር መድኃኒት ከጤና ጣቢያ መጥታ፣ «ክረምቱ ሳይገባ የኮሌራ ልምምድ ልናደርግ ነው፤ አምቡላንስ ይመጣል፤ ከእናንተ የምንፈልገው በሽተኛ ሆኖ የሚተኛልን አንድ ሰው ብቻ ነው» ብላ የካዛንቺሱን የቀበሌ ግቢ ስትለምን ብታዩ! አንዱ ሥራ አለኝ አለ። አንዷ ልጄ ትደነግጥብኛለች አለች። ጡረተኛው አቶ ገብረጻድቃንማ በግልጽ፣ «ሟርት ነው! በሽታ ስሙን ሲጠሩት አቤት ይላል» ብለው እንትፍ እንትፍ አሉ።

«እኔ እታመምልሻለሁ» አለች ወለተማርያም።

ግቢው ሁሉ ዞሮ አያት። ከሁሉም በፊት እምቢ ማለት የነበረባት እሷ ነበረቻ! በኮሮናው ጊዜ ከዚህ ግቢ መጀመሪያ የታመመችው ወለተማርያም ናት። ፊታቸው የማይታይ፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው በጠራራ ፀሐይ ሲወስዷት፣ ያ ሁሉ ሰው ከየቤቱ ሳይወጣ ቀረ። አይዞሽ ያላት እንኳ አልነበረም። የሌላው አልቆረቆራትም፤ ፈርቶ ነው፣ ነፍሱን ማን ይጠላል ብላ ተወችው። አዚዛ ግን! ግድግዳ የምትጋራት፣ የቤቷን ቁልፍ የምታስቀምጥባት፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ከጎኗ ሳትነሳ አብራት የሰነበተች አዚዛ፣ መስኮቷ ላይ ቆማ አየቻት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ መስኮቷን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

ወለተማርያም ድና ተመለሰች። አዚዛ በልጇ በረውዳ እጅ ሾርባ ላከችላት፤ ራሷ ግን አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ውኃው ቧንቧ ጋ ሲገናኙ «እንዴት አደርሽ?»፣ «ይመስገን»፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ወለተማርያምም ይህን አታጣውም። የቂርቆስን ደጅ እየተሳለመች ልቧ ግን ያቺ መስኮት ላይ ነው። ምነው ቂም ብቻ በሆነ! ናፍቆትም አለበት እንጂ። ጎረቤትን ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ መናፈቅ ከባድ ነው፤ ያልደረሰበት አያውቀውም።

እሺ ያለችበት ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነበር። ዛሬም ትዘጋው እንደሆነ አንዴ ማየት ፈለገች። ልምምድ መሆኑ በድምፅ ማጉያ ሲነገር አዚዛ ቄራ ሰፈር፣ ልጇ ረውዳ ዘንድ ነበረች፤ የተመለሰችው በልምምዱ ዋዜማ ነው። ወለተማርያም እግዜር ይቅር ይበላት፣ ሆን ብላ ሳትነግራት ቀረች።

በማግስቱ ጠዋት አምቡላንሱ በሩ ላይ ቆመ። ልምምዱን የሚመራው ዮአብ የሚባል ጎረምሳ ነው፤ አብረቅራቂ ሰደርያ ለብሷል።

«እማማ፣ ሲናሪዮው፣ ማለቴ ታሪኩ፣ እንዲህ ነው፤ ተቅማጥና ትውከት አድክሞዎታል። በቃ ዝም ብለው ይተኛሉ። አክቲንግ ምናምን አያስፈልግም።»

«ልጄ፣ እኔ ታምሜ አውቃለሁ» አለችው፤ «አንተ ሥራህን ሥራ።»

ቃሬዛው ላይ አስተኝተው ሲያነሷት ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋባት። ያው ደጅ፣ ያው ነጭ ልብስ፣ ያው የጓንት ሽታ። የውሸት መሆኑን እያወቀች እንባዋ መጣ። ልምምድ መሆኑን የሰሙት ጎረቤቶች ዳር ቆመው ይሳሳቃሉ፤ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽም አለ። እሷ ማንንም አላየችም። መስኮቱን ብቻ ፈለገች።

አዚዛ እዚያው ነበረች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። የአዚዛ እጅ ወደ መስኮቱ ሲሄድ አየች፤ ከዚያ ድርግም! ተዘጋ።

ወለተማርያም ዓይኗን ጨፈነች። ይኸው፣ አየሽ አይደል? አለች ለራሷ። ማን ፈትኚ አለሽ? ባታውቂው አይሻልሽም ነበር?  ምነው አቶ ገብረጻድቃንን በሰማሁ ብላ ተጸጸተች።

«ወለቴ! ወለቴዬን ወዴት ነው የምትወስዷት?»

ወለተማርያም ዓይኗን ብትገልጥ አዚዛ ናት፤ አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አድርጎ አንዱ ባዶውን፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ እየሮጠች። መስኮቱን የዘጋችው ቤቷን ጥላ ልትወጣ ኖሯል!

«እማማ፣ ይቁሙ! አይጠጉ!» አለ ዮአብ እጁን ዘርግቶ።

«ዞር በል ከፊቴ!» ገፋ አድርጋው አለፈች። የወለተማርያምን እጅ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች። «አለሁ፣ እህቴ፣ አለሁ። ዛሬስ ብሞትም አልቀርም። አብሬሽ ነው የምሄደው።»

ወለተማርያም ዝም ብትል እጇ እንደተያዘ ትቆይ ነበር። አዚዛ አሳዘነቻት እንጂ።

«አዚዛዬ፣ ውሸት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልምምድ ነው። ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም።»

አዚዛ ቀና አለች። ሰደርያውን አየች፣ የሚስቁትን ሰዎች አየች። ከዚያ የወለተማርያምን ትከሻ በቡጢ መታ አደረገችና እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች።

«የሥራሽን ይስጥሽ! ልቤን ልታቆሚው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። «ያኔ የፈራሁት ጥቂት ቀን ነው። ፍርሃቱ ሲወጣልኝ ሀፍረት ገባና ከደጅሽ አስቀረኝ። ሾርባውን ለረውዳ ሰጥቼ፣ እስክትቀበያት ድረስ ጥግ ይዤ አይሽ ነበር። በምን ፊቴ ልምጣ?»

«እኔስ?» አለች ወለተማርያም። ቃሬዛው ላይ ተነስታ ተቀምጣለች፤ በሽተኛነቱም ቀርቷል። «ከኋላዋ ትኖሪ እንደሆነ ብዬ ረውዳን አሳልፌ አይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ነይ ብዬ አለመጥራቴ! እኔም ኩራት ይዞኝ ነው፣ እህቴ።»

ሲቀርጽ የነበረው ሰው ስልኩን ኪሱ ከተተ። አቶ ገብረጻድቃን ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ።

ዮአብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ልምምዱ ተበላሽቷል። ከመጀመሪያው እንደግመዋለን። እማማ አዚዛ፣ እርስዎ ግን ከዚህ መስመር ማለፍ አይችሉም።»

«እንግዲያው እኔም አልታመምም» አለች ወለተማርያም። «ሌላ በሽተኛ ፈልግ።»

ሲስተር መድኃኒት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ግን ፊቷ ኮስተር አለ። «ዮአብ፣ የእውነቱ ቀን ቢመጣ እኚህን ሴት ማን ሊያቆማቸው ነው? አንተን እንደሆን ገፍተው አለፉህ። ኮሌራ እጅ ስለያዙ አይገድልም፤ ሳይታጠቡ ቢቀሩ ነው ጉዱ። አስታማሚ እንዴት እንደሚገባ እናስተምራቸው፤ ልምምድ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?»

አዚዛን ጋውን አለበሷት፣ ቦቲ ጫማና ጓንት አደረጉላት። እጇን እንዴት እንደምትታጠብ፣ ምኑን እንደምትነካ፣ ምኑን እንደማትነካ፣ በሽተኛዋን ምን ብላ እንደምትጠይቅ ሲስተር መድኃኒት አንድ በአንድ ነገረቻት። አዚዛ ትምህርት ቤት እንደገባ ሕፃን አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ጋውኑ ረዝሞባት መሬት ይጠርጋል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ወለተማርያም በሳቅ ትፈርስ ነበር።

«ጀምሩ!» አለ ዮአብ።

ቃሬዛው ተነሳ። አዚዛ ከጎን ከጎኑ እየሄደች ጓንት ባጠለቀ እጇ የወለተማርያምን ጣቶች ያዘች።

«በጣም አመመሽ፣ ወለቴ?» አለቻት፤ እንደታዘዘችው።

«አዎ፣ አሞኛል» አለች ወለተማርያም፤ ይኼን እንኳ ማንም አላዘዛትም። «ብዙ ጊዜዬ ነው። እስኪሻለኝ እንዳትሄጂ።»