ከመቺው ኋላ የሚቀመጠው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አይጠፋም። ወሬዬ አጭር ናት፤ ግን ግማሿን ብቻ የሰማ ሰው ሕዝቅኤልን ያማብኛልና እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሕዝቅኤል እጁን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከትቶ አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት አወጣ። ዘረጋት። ዐሥር ቁጥር ናት።

«ዐሥር» አለች ደስታነሽ በትከሻው ላይ አጮልቃ። «የመጨረሻው መራጭ። እንግዲህ ወንበርህን ከአሁኑ ለሙደሲር አስረክበውና በጊዜ ቤትህ ግባ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙደሲር ራሱ፣ ጥግ ላይ የመጋረጃ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ወንበር እስኪለቀቅለት የሚጠብቀው ጫማ ነጋዴ፣ እንዳይታዘቡት መሬት መሬቱን እያየ ፈገግ አለ። ሕዝቅኤልም ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና አብሮ ሳቀ። ዐሥር ቁጥርን ሲመኛት እንደከረመ ማንም አላወቀም።

እሑድ ከሰዓት ነው፤ መጋቢት ውስጥ። የተሰበሰቡት በስደት በሚኖሩባት ከተማ፣ ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር፣ ከደስታነሽ መጋረጃ መሸጫ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው። ዐሥር ወንበር፣ ዐሥር ሰው፤ ሁሉም ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጓል። ሊጫወቱ የመጡት ደግሞ ቤዝቦል ነው። አትሳቁ። አንዳቸውም ዱላዋን በእጃቸው ይዘው አያውቁም።

ድሮማ እንደማንኛውም ሰው በእግር ኳስ ነበር የሚፎካከሩት። ኋላ ግን አርሴናልና ማንችስተር ሁለት የአንድ እናት ልጆችን ስምንት ወር አኳረፋቸው። ያን ጊዜ አሜሪካ ተምሮ የመጣው ዶክተር ዮአብ፣ «ማናችንም የማንደግፈው ጨዋታ ላምጣላችሁ» አለና ይህንን አመጣ። ነገሩ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ከአሜሪካኖቹ ተጫዋቾች መካከል በተራ እየመረጠ የራሱን ቡድን ያቆማል፤ አንዱ የመረጠውን ሌላው አይነካበትም። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ ልጆቹ እዚያ በመቱና በሮጡ ቁጥር፣ እዚህ ለመረጣቸው ሰው ነጥብ ይቆጠራል። ብዙ ነጥብ ያለው አሸነፈ። ሁለት ዓመት አከታትሎ መጨረሻ የወጣ ደግሞ ወንበሩን ይለቃል።

ሕዝቅኤል አምና መጨረሻ ነበር።

«ታዲያ ቢለቅስ?» ትሉ ይሆናል። ሕዝቅኤል ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው። ሳምንቱን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ዘይት በቀዳዳ ያቀብላል። በአገሬው ሰላምታ «ሳውቦና» ይላቸዋል፣ «ሳውቦና» ይሉታል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ለሰፈሩ ሁሉ እሱ «ማይ ፍሬንድ» ነው። ሕዝቅኤል ተብሎ የሚጠራው፣ የሚቀለድበት፣ ከቀረ «ምን ሆንክ?» ተብሎ የሚደወልለት እሑድ ከሰዓት በዚህች ጓዳ ብቻ ነው። ሌላው ስለ ጨዋታ ይመጣ ይሆናል። እሱ የሚመጣው ስለ ወንበሯ ነው።

ለምን ይሸነፋል ካላችሁ፣ ይሉኝታ ነው የጣለው። ከጎኑ የሚቀመጡት ጋሽ ኃይለማርያም፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአውቶቡስ ሲወርድ የተቀበሉት ሰው ናቸው። ሂልብሮው ሰፈር በነበረችው አንዲት ክፍላቸው ሦስት ወር አስቀምጠውታል፤ ያን ክረምት የራሳቸውን ብርድ ልብስ አልብሰውት እሳቸው በካፖርት ተኝተዋል። እንግዲህ ጋሼ «ያ ልጅ አምሮኛል» ካሉ፣ ሕዝቅኤል ያንን ተጫዋች እንዴት ይንካው? አምና ሦስት ጊዜ ተወላቸው። እሳቸው ሁለተኛ ወጡ፤ እሱ ጭራ ሆነ።

ዘንድሮ ግን ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጅቷል። ገበያ ሲቀዘቅዝ የብስኩት ካርቶን ቀዶ በጀርባው ላይ ስም ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ ከረመ። ሚስጥሩን ያገኘው ከሱቁ ነው። ዳቦ የሌለው ሱቅ የለም፤ ዳቦ ስላለህ ብቻ ማንም መንገድ አቋርጦ አይመጣልህም። መብራት በጠፋ ምሽት ሻማ ያለው ሱቅ ግን ሰፈሩን ሁሉ ይሰበስባል። ቤዝቦልም እንዲሁ ሆኖ አገኘው። ኳስ አርቆ የሚመታ ሞልቷል፤ እሱ ዳቦ ነው። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚቀበለው ሰው አለ፤ ተቀባይ ይሉታል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተቀባይ የግድ ይፈልጋል፤ ተቀባይ ሆኖ ደግሞ በደንብ የሚመታ ዘንድሮ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ሻማው እሱ ነው።

ዐሥር ቁጥርንም የወደደው በምክንያት ነው። ምርጫው ከአንድ እስከ ዐሥር ይሄድና ዞሮ ከዐሥር ወደ አንድ ይመለሳል። ስለዚህ መጨረሻ ያለው ሰው ቢዘገይም ሁለት በአንድ ጊዜ ያነሳል። ጋሽ ኃይለማርያም ዘጠኝ ቁጥር ደርሷቸዋል፤ ከሕዝቅኤል በፊት ይመርጣሉ፣ እሱ ሁለት ካነሳ በኋላ ደግሞ ተራው መልሶ ለእሳቸው ነው።

ተጀመረ። አንድ በአንድ ስመ ጥሩዎቹን መቺዎች አነሷቸው። ሕዝቅኤል ተራው ሲደርስ ሁለት ቀጫጭን ልጆች ጠራ።

«ሕዝቄ፣ እነዚህ እኮ አርቀው አይመቱም» አለ ዶክተር ዮአብ ስሞቹን እየመዘገበ።

«አይመቱም። ይሰርቃሉ።»

«ምንድን ነው የሚሰርቁት?» አለ ሙደሲር ከጥጉ።

«ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው፣ ወርዋሪው፣ ሳያያቸው ሮጠው የሚቀጥለውን ቦታ ይይዛሉ። በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ነጥብ አለው።»

«እኛ መንገድ ላይ ቢጫወቱት ኖሮ» አለች ደስታነሽ፣ «ባለፈው ሳምንት ብቻ ከእኔ ሁለት ስልክ፣ አንድ ቦርሳ ነጥብ አግኝተው ነበር።»

ሲመለስ ዶክተር ራሱ ከሁለቱ ተቀባዮች አንዱን ወሰደ። ሕዝቅኤል ይህንን ጠብቆታል። ካርቶኑ ላይ «አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይደርሰኛል» ብሎ ጽፎታል። የቀረው ሞራሌስ የሚባል ወፍራም ልጅ ነው። ሦስተኛው ዙር እንደገና ከአንድ ጀመረ። አራተኛው ሰው ሞራሌስን አለፈው። ሰባተኛዋ ደስታነሽ ናት፤ ረጅም ጊዜ አየችው፤ እሷም አለፈችው። ስምንተኛው አለፈው።

ጋሽ ኃይለማርያም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉ።

«ሁለት አምረውኛል» አሉ። «አንድ ጥሩ ወርዋሪ አለ። ያ ሞራሌስም አለ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ወርዋሪውን ጻፍልኝ ዶክተር። ሞራሌስን ሲመለስ አነሳዋለሁ።»

ከዚያ እጃቸውን የሕዝቅኤል ጉልበት ላይ አሳረፉ። «ሕዝቄ ያስቀምጥልኛል። አይደል ልጄ?»

ነገሩ ለሁሉም ገብቷቸዋል። ሰውየው ሁለት ሊወስዱ ነው፤ አንዱን በተራቸው፣ አንዱን በሕዝቅኤል ይሉኝታ።

«ጋሼ» አለች ደስታነሽ፣ «ይሉኝታ ደግሞ መቼ ነው ሕጉ ላይ የተጻፈው?»

«አንቺ ምን አገባሽ? እኔና ልጄ እንተዋወቃለን።»

«መተዋወቁንማ አምናም አየነው።»

ሕዝቅኤል ስልኩን አየ። ከሞራሌስ በታች ያሉት ተቀባዮች በሙሉ ባዶ ካርቶን ናቸው። ሞራሌስ ከሄደ የሁለት ወር ልፋት አብሮ ይሄዳል፤ መስከረም ላይ ሙደሲር እዚህ ተቀምጦ እሱ ከፍርግርጉ ኋላ እሑድንም ይውላል። ሙደሲርን ቀና ብሎ አየው። ሙደሲር ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ዓይኑ ወንበሩ ላይ ነበር። ጉልበቱ ላይ ያለችው እጅ ደግሞ ትሞቃለች። ያችው ብርድ ልብስ ያለበሰችው እጅ ናት።

«ለመምረጥ አንድ ደቂቃ ቀረህ» አለ ሰዓት የሚቆጥረው ዶክተር።

«ጋሼ» አለ ሕዝቅኤል። «ሐኪም ቤት አድርሰኝ ቢሉኝ አደርስዎታለሁ። ና ሱቅ ጠብቅልኝ ቢሉኝ የራሴን ዘግቼ እመጣለሁ። ሞራሌስን ግን እኔ ወስጄዋለሁ። ጻፈው ዶክተር።»

ዶክተር ወዲያው አልጻፈም። ጋሽ ኃይለማርያምን አየ።

«እሳቸውን ምን ታያለህ?» አለች ደስታነሽ። «ተራው የእሱ ነው።»

ጻፈው።

ጋሽ ኃይለማርያም እጃቸውን ከጉልበቱ ላይ ቀስ አድርገው አነሱ። «ወሰድከው?»

«ወሰድኩት፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ አንተን ተማምኜ ነው ወርዋሪውን ያስቀደምኩት።»

«አውቃለሁ።»

ሕዝቅኤል ጆሮው እንደጋለ ሁለተኛውን ተጫዋቹን ጠራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዙሮች ሁሉ ጋሼ ሲመርጡ ለዶክተር ብቻ እየተናገሩ ነበር። ሕዝቅኤል ቆሎ ሲያቀብላቸው ተቀበሉ፤ ግን አላዩትም። እሱም ካርቶኑን ሁለት ጊዜ ጣለ፤ አንድ ጊዜም የተያዘ ተጫዋች ጠርቶ ተሳቀበት። ሆኖም ካሰበው መንገድ አልወጣም። ሰው ወርዋሪዎች ላይ ሲሻማ እሱ ታገሠ። የወርዋሪ ክንድ ብርጭቆ ናት፤ አምና ሁለቱ በግንቦት ተሰብረውበታል። ሁሉም ሲደክመውና ዝም ብሎ ስም መጥራት ሲጀምር፣ እሱ ካርቶኑ ግርጌ ካሉት ማንም ከማያውቃቸው ወጣቶች ሦስቱን ለቀመ። ጋሼ በመጨረሻ ለተቀባይነት የያዙት፣ ዶክተር እንኳ ስሙን በቅጡ ያላነበበውን ሽማግሌ ነበር።

ሲያልቅ ወንበር መሰብሰብ ተጀመረ። ጋሽ ኃይለማርያም ካፖርታቸውን ደረቡ፤ የመኪና ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

«ሕዝቄ» አሉ። ድምፃቸው ለስልሷል። «ና፣ ታክሲ መናኸሪያው ድረስ ላድርስህ።»

ሕዝቅኤል ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሳለት ያህል ቀለለው። አልተቀየሙትም። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደ። ከዚያ ግን መኪናዋ ትዝ አለችው። ካቻምና በዚያች መኪና ውስጥ ነበር፣ ቀይ ሮቦት፣ የትራፊክ መብራት ማለት ነው፣ ይዟቸው ቆመው ሳለ፣ ምርጥ ልጁን በሁለት ተራ ሰዎች ለውጦ የወረደው። መለዋወጥ በሕጉ የተፈቀደ ነው። መኪናዋ ውስጥ ደግሞ ደስታነሽ የለችም፣ ሰዓት የሚቆጥር ዶክተር የለም። እሱና እኒያ ሰው ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ በእግሬ ልሂድ።»

«ምነው? አኮረፍክ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም። መኪናው ውስጥ ሞራሌስን ይጠይቁኛል። እዚያ ደግሞ እኔ እምቢ ማለት አልችልም።»

ሰውየው ቁልፋቸውን መዳፋቸው ላይ አገላበጡ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር።

«ልጠይቅህ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ልሰጥህ ነበር እኮ።»

«እሱንም አውቃለሁ። የፊታችን እሑድ እንገናኝ፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው፤ እሳቸውም ጭንቅላቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ሕዝቅኤል ካርቶኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ በተዘጉት ሱቆች በኩል ወደ ታክሲው በእግሩ ሄደ።

መስከረም ላይ ማን እንዳሸነፈ አትጠይቁኝ፤ እኔን የገረመኝ እሱ አይደለም። ብቻ አደራችሁን፣ ነገ አንድ ሰው «ሕዝቅኤል በስደት ያስጠጉትን ሰው እምቢ አለ» ብሎ ቢያወራላችሁ፣ ትከሻቸውን ስሞ መውጣቱንም አስታውሱልኝ።