የድንጉላው ሰባት ቤት

ኦቦ ሙለታ በጥምቀት ግልቢያ አምስት ዓመት ሙሉ በጎረቤታቸው በቱፋ የተሸነፉ የአምቦ ሰው ናቸው። እሺ፣ መሸነፍስ ያለ ነው፤ ግን ቱፋ አሸንፎ ዝም ቢል ምን ነበረበት? መንገድ ላይ ባገኛቸው ቁጥር «ኦቦ፣ ዘንድሮስ በሰላም ገቡ?» ይላል።

በሃምሳ አራት ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ዘር የሩጫ ድንጉላ ፈረስ ለማዳቀል ከአዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት አምቦ መጣ ሲባል ሙለታ እንቅልፍ አጡ። ባዝራቸው ዳማ አርጅታለች፤ ዘንድሮ ካላረገዘች ሌላ ጊዜ የላትም። ከዚያ ድንጉላ አንድ ውርንጭላ ካገኙ ግን ቱፋን ድራሹን ያጠፉታል።

የድንጉላውን መዝገብ የያዘው ጸሐፊ ገብረአማኑኤል ዘሯ እስከ ሰባት ቤት ያልተቆጠረ ባዝራ አይቀበልም። ለሙለታ ይኼ ምን ችግር አለው! ለጋብቻ ዘር የሚቆጥሩትን ሽማግሌ፣ ኦቦ አመዩን ይዘው ሄዱ። አመዩ የዳማን ዘር አንድ በአንድ አወረዱት፤ ጸሐፊው ጻፈ። ማኅተም ሊመታ ሲል ግን ሙለታ፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ወግ አይቅር ብለው «እስቲ የወንዱንም ወገን ቁጠርልን» አሉ።

ጸሐፊው በኩራት ወረቀቱን ዘረጋ። «የዚህ ዘር ፈረስ በሙሉ በአባት በኩል ድሮ ከምሥራቅ ወደ እንግሊዝ ከተወሰዱ ሦስት ድንጉላዎች ነው የሚወርደው፤ ከዐረቦቹና ከቱርኩ።»

«በሙሉ?» አሉ አመዩ።

«በሙሉ።»

«የዚህኛው ቅድመ አያትስ ማን ይባላል?»

ጸሐፊው አነበበ። በአባቱም በእናቱም በኩል ያው አንድ ስም ወጣ።

«ያ ዋቃ!» አመዩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ። «ወላጆቹ ዘመዳሞች ናቸው! ለዚህ ቤት ልጅ አይሰጥም!»

«ፈጣን የሆነው እኮ ለዚሁ ነው» አለ ጸሐፊው።

«ከሐፍረቱ ነዋ የሚሮጠው!»

ሙለታ ጨነቃቸው። ውርንጭላውን አንጀታቸው እስኪያር ይፈልጉታል። ግን ነገ ሰው «የሙለታ ባዝራ ለማን ተዳረች?» ቢል ምን ይመልሳሉ? ዓይናቸው ድንጉላው ላይ እንደቀረ ዳማን እየሳቡ ወደ ቤት ተመለሱ።

በማግስቱ ቱፋ ሄደ። ባዝራውን የገዛት ከእጃጂ ገበያ ነው፤ እናቷን እንኳ አያውቅም። ታዲያ ምን ቸገረው! የሰፈሩን የጋማ ከብት ስም ሰባት ቤት ድረስ ደረደረው፤ ጸሐፊውም የከተማ ልጅ ነውና ሁሉንም ጻፈ። ከአያቶቹ መሃል ሁለቱ በቅሎ ነበሩ።

ውርንጭላው ተወለደ፣ አደገ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ጥምቀት ሜዳ ላይ ወጣ። ሙለታ ዳር ቆመው «ሰዎች፣ ይኼ ፈረስ እኮ የዘመዳሞች...» ብለው ሳይጨርሱ ሌሎቹን ሁሉ ጥሎ በፊታቸው አለፈ። አጠገባቸው አንድ ሽማግሌ ከዘራውን እየነቀነቀ «በለው! በለው!» ይላል። ዞር ቢሉ ኦቦ አመዩ ናቸው።

«ኦቦ አመዩ! እርስዎም?» አሉ ሙለታ።

አመዩ ዓይናቸውን ከፈረሱ ሳይነቅሉ «እኔ ልጅ አይሰጥም አልኩ እንጂ» አሉ፣ «አይታይም አልኩ?»