መምህር ኪሮስ ያጸደቁት በጀት

ባለፈው ሐሙስ መምህር ኪሮስ በአንድ ንግግር የጭሮን ደመወዝተኛ ሁሉ የቤት ባለቤት አደረጉ። ይህ ነጭ እውነት ነው። የተጠራጠረ መጥቶ ይጠይቅ፤ የአስፋልቱ ድንጋይ ሳይቀር ይምልለታል።

ነገሩ ለመምህሩ ቀልድ አልነበረም። አከራያቸው «ቤት እንደሚደርስዎት ካወቅሁ እስኪሠራ እታገሣለሁ፤ አለዚያ ልጄን ልድርበት ነውና ይልቀቁልኝ» ብለዋቸዋል። ከተማው ደግሞ ለመምህር፣ ለነርስና ለቢሮ ሠራተኛ በድጎማ ቤት ለመሥራት በጀት ይያዝ አይያዝ የሚለውን ለነዋሪ ተወካዮች ድምፅ አቅርቧል። የመምህራኑ ተወካይ እሳቸው ናቸው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከሩቁ ከቦኬ ወረዳ በእግሩ የመጣ፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ፣ ጣሪያ የወጣም ነበር። መጀመሪያ የጫት ነጋዴው ኦቦ አብዱልቃዲር ተነሡ። ሲናገሩ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ! ተሸካሚው በረንዳ ላይ እያደረ የሕዝብ ገንዘብ ለደመወዝተኛ? እሱማ ወር ጠብቆም ይበላል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። መምህር ኪሮስ ክራቫታቸውን አጥብቀው ተነሡ።

«ለድሃ በሚሠራው ቤት ስንመዘገብ ‹ደመወዝ አላችሁ› ብለው ይመልሱናል። ባንክ ብድር ስንጠይቅ ‹ደመወዛችሁ ይህችው ናት?› ብለው ይስቁብናል። ታዲያ እኛ የት እንግባ? ጥቁር ሰሌዳ ሥር እንደር?»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ተንሰቀሰቁ። ሩቅ ሂርና ከተማ ላይ ሚኒባሶች ጭብጨባውን ሰምተው ቆሙ ይባላል።

ዋናው ብልሃት ግን ገና ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ የሂርና ለጋ ጫት ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ጭሮ ውስጥ ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ ቂጥ የለም። መምህር ኪሮስ ይህን ያውቃሉ። ንግግራቸውን ጎተቱት፣ ለጠጡት። ከሮም አነሡ፣ በቻይና ዞሩ። ተቃዋሚዎቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። የጫቱ መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ኦቦ አብዱልቃዲር ከነጭፍራቸው ወደ በሩ ተተራመሱ። ያን ጊዜ መምህሩ «ድምፅ ይሰጥ!» ብለው ጮኹ። የቀረው እጅ ሁሉ ወጣ፤ በጀቱ ጸደቀ።

መምህር ኪሮስ ይህን ሁሉ በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጉንጫቸው በጫት እንዳበጠ፣ ለባለቤታቸው ለየምሥራች ሲተርኩ፣ የነርሶቹ ተወካይ ሶፊያ ሰላም ልትል ገብታ በር ላይ ቆማለች።

«ታዲያ ለአከራያችን ልንገራቸው?» አለች የምሥራች፣ ነጠላዋን እያነሣች።

«ንገሪያቸው እንጂ! ይልቅ የሠርግ ካርዱን ቶሎ እንዲልኩልን በያቸው!»

ሶፊያ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ጋሽ ኪሮስ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ለንግግር ስምዎ ሲጠራ እኮ አልነበሩም። ጥሩምባው እንደተሰማ መጀመሪያ የወጡት እርስዎ ነዎት።»

የምሥራች ነጠላዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ኦቦ አብዱልቃዲርማ ጫታቸውን ሰው ልከው አስመጥተው እስከ መጨረሻው ተቀመጡ። ‹ለተሸካሚዎቹም ይሠራ› የሚል ሲጨመርበት እሳቸውም ለእኛ እጃቸውን አወጡ። ወላሂ፣ ፈልገን አጣንዎት። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነና በጀቱ ወደቀ። አንድ እጅ ነው የጎደለን።»