የጉናው ናሙና

ከጋራው ጀርባ ወፍራም ሸራ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተነሣ። ቶሎ አላባራም፤ ረዘመ፣ ወፈረ፣ ከዚያ ማዶ ካለው ገደል ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ይሻው የሚስባት በቅሎ ጆሮዋን አስተኝታ ወደ ኋላ ስትሸሽ ልጓሙን በሁለት እጁ ያዘ። ጀርባዋ ላይ የታሰረው የውሃ ናሙና ሣጥን ተንቋቋ። ከታች በታጨደው የገብስ ማሳ ላይ የነበሩት በጎች ተበታተኑ። ነጩ ጭስ ከጋራው በላይ የታየው ድምፁ ካለቀ በኋላ ነው።

እሱ ሳይደርስ ሙከራውን ጀመሩት ማለት ነው። ስርጉትም እዚያ ነች። ከደጀን አጠገብ ቆማ፣ ጆሮዋን በመዳፎቿ ደፍና፣ ድምፁ ሲያልቅ ምናልባት ስቃ ይሆናል። ይሻው ይህን ሁሉ ዳገቱ ላይ ሆኖ አየው። ያላየውን ነገር በሐሳቡ መሥራት ከልጅነቱ ያውቅበታል፤ ሰሞኑን ደግሞ የሚሠራው ሁሉ ይኸው ነው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን። በቅሎዋን ጎተት አድርጎ ሽቅብ ቀጠለ።

ዛሬ በጉና ሥር ያሉት ገበሬዎች የሮኬት ማስወንጨፊያው በቀበሌያቸው ይሠራ ወይስ አይሠራ ብለው የሚወስኑበት ቀን ነው። ደጀን ከአዲስ አበባ አራት ሰዎች ይዞ የመጣ መሐንዲስ ነው። ቦታው ከፍ ያለ፣ አየሩም የሳሳ ስለሆነ ትንንሽ የምርምር ሮኬቶች በጥቂት ነዳጅ ሩቅ ይወጡልኛል ብሎ መረጠው። ባለፈው ወር ሞተሩን መሬት ላይ አስሮ አንድ ጊዜ አቀጣጥሎት ነበር። የዛሬው ሁለተኛው ነው፣ ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ እንዲፈርድ። ስርጉት ደግሞ ደብረ ታቦር የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ጭሱ ምንጮቹን ይበክላል ብላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ስትሞግተው ከርማለች። ገበሬዎቹም ሁለቱን ሰምተው፣ መጀመሪያ ውሃው ይመርመር አሉ። በከተማው ውሃ የሚመረምረው ይሻው ነው።

ውጤቱ የደረት ኪሱ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ከማስወንጨፊያው ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው የማርያም ጸበል ፒኤቹ፣ የአሲድነትና የአመድነት ልኩ፣ በየዓመቱ ሲለካ ሰባት ነጥብ ሁለት የሚያሳይ ውሃ ነው። አሁን ዘጠኝ ነጥብ አራት ሆኗል። ይህን ያየ ባለሙያ ሁሉ ውሃው ውስጥ አመድ መሰል ነገር ገብቷል ይላል። የሞተሩ ጭስ የሚተወው ዱቄት እንዲያ ያለ ነው። ወረቀቱ ከተነበበ ደጀን ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ይሻው ግን አመዱ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ናሙናውን መቅዳት የነበረበት ባለፈው ወር በአሥራ ስምንት ነው። ስርጉት በሃያ አንድ ለማርያም እንደምትወጣ ሲሰማ፣ አብሯት ለመሄድ ብሎ አቆየው። በዚያ ዕለት ከቄሱ በቀር ወደ ምንጩ ዓይን ማንም አይጠጋም። ቄሱ ጸሎት አድርሰው እምነቱን፣ ያን ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ነጭ አመድ፣ ገንዳው ውስጥ በጥብጠው ሕዝቡን ያጠምቃሉ። ይሻው ጫማውን አውልቆ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ጠርሙሱን ከገንዳው ሞላ። ልቡ ውሃው ላይ አልነበረም። ስርጉት ደጀንን አስከትላ ነበር የመጣችው፤ ይሻው በባዶ እግሩ ተሰልፎ ሳለ ሁለቱ ከወይራው ሥር ቆመው ይከራከሩ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ መመርመሪያ ክፍሉ ውስጥ ጠርሙሱን ሲያነሣ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ዘቅጦ አየ። ወዲያው ገባው። ተመልሶ ከምንጩ ዓይን መቅዳት ይችል ነበር። አልቀዳም።

ስብሰባው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ይሻው በቅሎዋን ከአጥሩ ጋር አስሮ፣ ሣጥኑን አውርዶ፣ ከኋላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ሙከራውን አይቶ ከጋራው እየወረደ ጋቢውን ጠቅልሎ መሬት ላይ ተደርድሯል። ሊቀ መንበሩ አቶ ዘውዱ ከፊት ጠረጴዛ ይዘዋል። ደጀን ቆሟል፤ የጃኬቱ ትከሻ ላይ ጭሱ ነጭ ዱቄት ጥሎበታል። ስርጉት ፊት ለፊቱ ናት። ደብተሯን ደጀን ነው የያዘላት።

ደጀን ስለ ሮኬቱ ጥቅም ለረጅም ጊዜ አስረዳ። አንገታቸውን በነጠላ የጠቀለሉት ወይዘሮ ወርቅነሽ ከመሀል እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር ሰማይ ደርሶ ሲመለስ ለኛ ምን ይዞልን ይመጣል?"

"የደመናውን ነገር ይለካል፣ እማማ። በረዶ መቼ እንደሚጥል ቀድሞ ይነግረናል።"

"እሱንማ ጉልበቴም ይነግረኛል። የሚያስቀረው ካለህ አምጣልኝ።"

ግቢው በሳቅ ሞላ። ደጀንም አብሮ ሳቀ፣ ስርጉትም ሳቀች፣ ሲስቁ ደግሞ ተያዩ። ይሻው መሬቱን አየ።

ከዚያ ክርክሩ ጠነከረ። አንዱ በቅሎዬ ገደል ልትገባ ነበር አለ። ሌላው የጋራው ቁጥቋጦ፣ አስታውና ጅብራው፣ በደረቅ ወር እሳት ከያዘው ማን ያጠፋዋል ብሎ ጠየቀ። ደጀን ለእያንዳንዱ መለሰ፤ የማያውቀውንም አላውቅም አለ፣ ይህ ደግሞ ሰው ዘንድ አስወደደው። ስርጉት ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቀችና ተነሣች።

"ዛሬ ያቃጠልከው ስኳርና ናይትሬት ነው። ትልቁ ሲመጣ ግን ነዳጁ ምንድን ነው? ለነሱ ንገራቸው፣ ለኔ አይደለም።"

"ፐርክሎሬት የሚባል ጨው ነው።"

"ውሃ ውስጥ ሲገባስ?"

"አዮዲን ወደ አንገት እጢያችን እንዳይገባ ይከለክላል። እንቅርት ያመጣል። በመጠኑ ከሆነ ግን አይጎዳም።"

"መጠኑ የማን አንገት ታይቶ ነው የወጣው? እዚህ ያሉት እናቶች አዮዲን ያለው ጨው ሳያውቁ ነው ያደጉት። ሌላ አገር የማይጎዳው እነሱን ይጎዳል።"

ወይዘሮ ወርቅነሽ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ አጠበቁ።

"ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ" አለ ደጀን፣ "ግን መፍራት ብቻውን መልስ አይሆንም። ውሃው በየወሩ ይለካ። ከፍ ካለ ማስወንጨፊያውን እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ። አንቺ ልኪው፣ ከፈለግሽ።"

"እለካዋለሁ። እንዳትቆጭ።"

ይህን ስትል ፊቷ የበራውን ይሻው ከኋላ ሆኖ አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለክፍሏ የተጣራ ውሃ በጀሪካን ሲያመላልስ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ሲጠጡ፣ እንዲህ ያለ ፊት አይቶባት አያውቅም። እሱን "አንተ" ለማለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ ደጀንን በሦስተኛው ቀን። በሁለት ዓመት ውስጥ የነገረችውን ነገር ሁሉ "ልክ ነሽ" እያለ ተቀብሏታል። አንድ ሰው እንዲሞግታት ትፈልግ እንደነበር አልጠረጠረም። አሁን ክርክራቸው ጠብ መሆኑ ቀርቶ ሁለቱ ብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ መሰለው፤ መቶ ሰው ተቀምጦ የሚያይላቸው።

"የውሃው ልጅ መጥቷል አይደል?" አሉ አቶ ዘውዱ። "ና ወዲህ፣ ወረቀትህን አንብብልን።"

ይሻው ሄደ። ወረቀቱን ዘረጋ። ቁጥሮቹን አነበበ። ሰባት ነጥብ ሁለት የነበረው ዘጠኝ ነጥብ አራት ሆኗል፤ አመድነት ያለው ነገር ገብቶበታል አለ። ሕዝቡ አጉተመተመ። ከመሀል አንዱ፣ የማርያምን ውሃ፣ ብሎ ጮኸ።

ደጀን ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይከራከራል ብሎ ይሻው ጠብቆ ነበር፤ መቼ ቀዳኸው፣ ከየት ቀዳኸው ይለኛል ብሎ መልሱን ሁሉ አዘጋጅቷል። ደጀን ግን አልጠየቀውም።

"የኛ ጭስ የሚተወው እንዲህ ያለ ነገር ነው" አለ ለሕዝቡ። "ይህን ያህል ይደርሳል ብዬ አልገመትኩም። ይሻው ያመጣውን ቁጥር አምናለሁ። ይቅርታ አድርጉልን።"

አቶ ዘውዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንግዲያስ ነገሩ አልቋል፣ ቃለ ጉባኤው ይጻፍና እጅ እናወጣለን አሉ። ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ።

ይሻው ስርጉትን አየ። አሁን ወደ እሱ ትመጣለች፤ አኮራኸኝ ትለዋለች፣ ሐሙስ ደግሞ ሻይ ላይ ነገሩን ሁሉ መልሰው ያወሩታል። መጣችም። አጠገቡ ደርሳ አለፈችውና ደጀን ፊት ቆመች። ትከሻው ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በእጇ መዳፍ ቀስ ብላ አራገፈችለት።

"አትዘን" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። "በቆላው በኩል ምንጭም ሰውም የሌለበት ቦታ አውቃለሁ። ቅዳሜ እወስድሃለሁ።"

"እዚያም ልትሞግችኝ?"

"እዚያማ ይብስብሃል።"

ይሻው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። ማንም እንዲርቅ አልነገረውም፣ ማንም መኖሩን ልብ አላለም። ደጀን ከጉና ቢሄድም ባይሄድም ሁለቱ ቅዳሜ አብረው ናቸው፤ ወረቀቱ ምንም አልለወጠም።

ወረቀቱን ከደጀን እጅ ወሰደ። ደጀን ሳያየው ለቀቀለት። ይሻው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ከቁጥሩ ሥር ጻፈ፣ ፈረመበት፣ ወደ አቶ ዘውዱ ገፋው። አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

"ናሙናው የተቀዳው በማርያም ዕለት እምነት ከተበጠበጠበት ገንዳ ነው። ስለ ጭሱ የሚያሳየው ነገር የለም።"

ጸሐፊው መጻፉን አቆመ። ወይዘሮ ወርቅነሽ አጠገባቸው ያለችውን ሴት፣ ምን አለ፣ ምን አለ ይላሉ። ደጀን አፉን ከፍቶ ይሻውን ያየዋል፣ ሊያመሰግነው ይሁን ሊሰድበው ገና አልወሰነም። ስርጉት እጇ ከደጀን ትከሻ አጠገብ እንደተነሣ ቀረ። ከዚያ ዞር ብላ ይሻውን አየችው። ከመጣ ጀምሮ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?"

"ከሃያ ሦስት።"

"አሥራ አምስት ቀን ሙሉ?" ድምፏ ተሰበረ። "አሁን አንብበኸው አልነበር እንዴ? ታዲያ ምን ሆነህ ነው አሁን የተናገርከው?"

መቶ ሰው መልሱን ጠበቀ። ይሻው መዳፏን አየ፤ ዱቄቱ አልለቀቃትም፣ ነጭ ሆኗል። እስክሪብቶውን ለጸሐፊው መለሰ። ሣጥኑን አንሥቶ በቅሎዋ ላይ ጫነ፣ ጠፍሩን አጠበቀ፣ ልጓሙን ከአጥሩ ፈታና ቁልቁል ወረደ።